ከጎረቤት የሚመጣ የዋይፋይ ረብሻ፦ የአንድ አፓርታማ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው በአንድ ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብን ነው። የቤቱ እመቤት የሒሳብ ባለሙያ ሲሆኑ አብዛኛውን ሥራቸውን የሚሠሩት ከቤት ሆነው ነው፤ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ደግሞ ማታ ማታ ትምህርቱን በቪዲዮ ይከታተላል። አቤቱታቸው አጭር ነበር፤ «ቀን ደህና ነው፣ ማታ ግን ይሞታል» የሚል። በዝርዝር ሲጠየቁ፣ በምሽቱ ሰዓት የስብሰባው ምስል እንደሚደርቅ፣ እርሳቸው የሌሎቹን ድምፅ በአመዛኙ እየሰሙ የእርሳቸው ድምፅ ግን ለሌሎቹ ተቆራርጦ እንደሚደርስ፣ ይህም ለተወሰኑ ሰዓታት ከቆየ በኋላ አንዳንድ ቀን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ በራሱ እንደሚቆም ተናገሩ። ድምፃቸው ሳይደርስ የሌሎቹ መድረሱ በወቅቱ እንደ ትንሽ ነገር ታልፏል፤ በኋላ ግን ምርመራውን ትክክለኛ መስመር ካስያዙት ምልክቶች አንዱ ሆኗል።

ቤተሰቡ እኔን ከማማከሩ በፊት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው መስመሩን ፈትሾ ጤናማ መሆኑን ገልጿል፤ ለጥንቃቄም ራውተሩን በሌላ ቀይሮላቸዋል። ልጁ በበኩሉ በስልኩ ላይ የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ ጭኖ በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች ተመለከተ፤ ዋይፋይ ከሚያሰራጭባቸው የሞገድ ክፍሎች (ቻናሎች) መካከል ቻናል 1 እና ቻናል 6 በጎረቤት ኔትወርኮች የተጨናነቁ፣ ቻናል 11 ግን ባዶ ሊባል የሚችል ሆኖ ስላገኘው ራውተሩን ወደ 11 አዛወረው። ከዚያም የማሰራጫ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገ፤ የቻናሉንም ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ አሳደገ። እነዚህ እርምጃዎች በየቦታው የሚመከሩ ናቸው፤ ሐሳቡም በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የማታው መቆራረጥ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። እንግዲህ መጠየቅ የነበረበት፣ ሁሉም ቦታ ጠብቦት በሚጋፋበት ሕንፃ ውስጥ አንድ ቻናል ብቻውን እንዴት ባዶ ሊቀር ቻለ የሚለው ነው።

ከጎረቤት መጣ የሚባለው ረብሻ ሁሉ ከጎረቤት የመጣ ስላልሆነ፣ መጀመሪያ መለየት የነበረበት ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው መስመር ላይ ነው ወይስ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ባለው አየር ላይ የሚለው ነው። ለዚህ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ካለው፣ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ከሚለካው የፒንግ ትእዛዝ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ረብሻው በተነሣበት ሰዓት አንድ ኮምፒዩተር በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ተገናኘ፤ ላፕቶፑ በዋይፋይ እንደተገናኘ ቆየ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንዱን ፒንግ ለራውተሩ፣ ሌላውን ደግሞ በውጭ ላለ አንድ አድራሻ እንዲልኩ ተደረገ። በገመድ የተገናኘው ከራውተሩ መልስ የሚያገኘው ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲሆን ወደ ውጭ የላከውም ሳይጠፋ ይመለስለት ነበር። የላፕቶፑ ፒንግ ግን ገና ከዚያው ቤት ካለው ራውተር መልስ ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይጠፋል። ይህ ውጤት አገልግሎት ሰጪውን ነፃ አውጥቶ ጥፋቱን አየሩ ላይ ያሳርፋል። ሰዎች አስቀድመው የሚሮጡለት የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ መስመሩንና አየሩን በአንድ ቁጥር ደምሮ ስለሚያሳይ ለዚህ ዓይነቱ መለየት አይረዳም።

አየሩን ለመረዳት ዋይፋዩ ስለሚሠራበት የሞገድ ክልል፣ ስለ 2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ፣ ጥቂት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ይህ ባንድ በአብዛኛው ዓለም ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ የሚዘልቅ ሲሆን ማንም ሰው የተለየ ፈቃድ ሳያወጣ፣ የተወሰነውን የኃይል ጣሪያ ብቻ ጠብቆ የሚጠቀምበት የጋራ ቦታ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንና መሰል ባንዶችን ያለ ፈቃድ ለመገናኛ ሲከፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያው የዋይፋይ መሥፈርት ሲወጣም፣ አብሮ የመጣ አንድ ሁኔታ አለ፤ በዚህ ባንድ የሚሠራ መሣሪያ ከሌሎች የሚመጣበትን ረብሻ ችሎ መኖር አለበት። ስለዚህ የተፈቀደ መሣሪያ በተፈቀደው ኃይል የሚጠቀም ጎረቤት ምንም ሕግ አልጣሰም፤ «ሞገዴን አስለቀቁኝ» ብሎ የሚከሰስበትም አግባብ የለም።

በባንዱ ውስጥ ያሉት ቻናሎች መካከለኛ ነጥባቸው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ይራራቃል፤ ቻናል 1 በ2412፣ ቻናል 6 በ2437፣ ቻናል 11 በ2462 ሜጋኸርዝ ላይ ይገኛሉ። አንድ ኔትወርክ የሚይዘው ስፋት ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ነው። በመሆኑም በራውተሩ ዝርዝር ውስጥ 11 ወይም 13 ቻናሎች ቢታዩም ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ 13 ቻናሎች በተፈቀዱበት አገር አራት ኔትወርኮችን በ1፣ 5፣ 9 እና 13 ማሰለፍ ቢቻልም ሁሉም ካልተስማማበት ትርፉ መደበላለቅ ነው። ልጁ ስፋቱን ወደ 40 ሜጋኸርዝ ሲያሳድገው ኔትወርኩ ከ2432 እስከ 2472 ድረስ ተዘረጋ፤ ይህም ማለት ባዶ ብሎ ከመረጠው ቻናል 11 አልፎ አብዛኛውን ቻናል 6 ረገጠ ማለት ነው። ከተጨናነቀው ቦታ ለመሸሽ የተደረገው ጉዞ በዚህ ምክንያት ገና ከመነሻው ከሽፏል።

ቅኝቱን እኔም ደገምኩት። በቻናል 1 እና በቻናል 6 ላይ የነበሩት ኔትወርኮች ብዙ ቢሆኑም፣ በጣም ጎልቶ የታየው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ኔትወርክ ነበር፤ የተቀመጠውም በቻናል 3 ላይ ነው። በዋይፋይ አሠራር፣ ሁለት ኔትወርኮች በአንድ ቻናል ላይ መሆናቸው ብዙ ሰው እንደሚፈራው ያህል አደገኛ አይደለም። እያንዳንዱ የዋይፋይ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ በዚያው ቻናል የሌላ ዋይፋይ መልእክት መጀመሪያን ከሰማ፣ ምልክቱ እስከ −82 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ቢደክም እንኳ፣ መልእክቱ የሚፈጀውን ጊዜ አንብቦ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ ይጠነክራል፤ በየ10 ዴሲቤሉም ኃይሉ አሥር እጥፍ ይለወጣል። በአንድ ቻናል ያሉ ጎረቤቶች እንግዲህ ጊዜ ይሻማሉ እንጂ አንዱ የሌላውን መልእክት ሁልጊዜ አያበላሽም። በቻናል 3 ላይ ያለው ጎረቤት ግን በቻናል 1 ላሉትም ሆነ በቻናል 6 ላሉት የማይነበብ ጫጫታ ነው። መልእክቱን ማንበብ ስለማይችሉ ተራ አይጠብቁለትም፤ መሣሪያዎቹ ምንነቱን ላላወቁት ኃይል ዝም የሚሉት እስከ −62 ዲቢኤም ድረስ ሲጠነክር ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ20 ዴሲቤል፣ ማለትም የመቶ እጥፍ ልዩነት አለ፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚወድቅ ከፊል ተደራቢ ኔትወርክ ማንም ሳይጠብቀው ከሌላው ጋር እኩል ይናገራል፤ መልእክቶችም ተበላሽተው እንደገና ይላካሉ። «ሁሉም 1 እና 6 ላይ ስለሆኑ መሀል ልግባ» የሚለው ሐሳብ ብልህነት የሚመስለውን ያህል የከፋ ምርጫ ነው ብዬ የምከራከረው በዚህ የተነሣ ነው።

ይሁንና የቻናል 3 ጎረቤት የማታውን ጉዳይ ሊያስረዳ አይችልም። ቻናል 3 የሚያበቃው 2432 ላይ ነው፤ ቻናል 11 ደግሞ የሚጀምረው ከ2452 ነው፤ ወደ 40 ሜጋኸርዝ የሰፋው የቤተሰቡ ኔትወርክም ከ2432 በታች አይወርድም። ጎረቤትየው ቀንም ማታም አለ፤ ረብሻው ግን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። በቻናል 11 ላይ የታየው የሌላ ሰው ኔትወርክ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በጣም ደካማ ነበር። ከዚህ በኋላ የቅኝት መተግበሪያውን ማየት ትርጉም አልነበረውም፤ ምክንያቱም የስልክ መተግበሪያ የሚያሳየው ስሙን እየጠራ ራሱን የሚያስተዋውቅ ዋይፋይን ብቻ ነው። ዋይፋይ ያልሆነ ነገር በዚያው ባንድ ላይ ቢጮህ መተግበሪያው ምንም አያሳይም፤ ቦታውንም ባዶ ይለዋል።

ውድ የሆነ የሞገድ መመርመሪያ መሣሪያ ባይኖርም የራውተሩ የአስተዳደር ገጽ ላይ «ጫጫታ» የሚል አንድ ቁጥር ነበር። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ቻናል ላይ ተፈጥሯዊው የሙቀት ጫጫታ −101 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሚጨምረው ሲደመርበት −95 አካባቢ ማንበብ ጤናማ ነው። ቀን ቀን የታየውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ማታ ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ −60ዎቹ ይዘላል፤ ለሰዓታት ሳይወርድ ይቆይና በአንድ ጊዜ ደግሞ ይወርዳል። የማይክሮዌቭ ምድጃ እንዲህ አያደርግም። የምድጃው ሞገድ አመንጪ 2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ቢሆንም የሚፈነጥቀው ከኤሌክትሪኩ ዑደት ጋር እየበራና እየጠፋ ነው፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ 10 ሚሊሰከንድ ያህል በርቶ ያንኑ ያህል ይጠፋል፤ የሚቆየውም ምግብ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ ነው። ብሉቱዝም አይሆንም፤ ብሉቱዝ በ79 ጠባብ ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ እየዘለለ የሚሠራና የተያዘውን ቦታ የሚያስወግድ ነው። ሳያቋርጥ፣ ሳያዳምጥ፣ በአንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ለሰዓታት የሚያሰራጭ ነገር ተፈላጊ ሆነ፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ደግሞ በአናሎግ የሚሠራ ገመድ አልባ ካሜራ ነው።

የእናትየው ድምፅ ብቻ መቆራረጡ እዚህ ጋ ትርጉም አገኘ። ጫጫታ የሚጎዳው ተቀባዩን ነው፤ ላኪው አጠገቡ የሚጮህ ነገር ቢኖርም ተቀባዩ ሩቅ ከሆነ መልእክቱ ይደርሳል። ከላፕቶፑ የሚወጣው ድምፅ ራውተሩ ዘንድ ሲደርስ ይጠፋል፤ ከራውተሩ የሚመጣው ግን ላፕቶፑ ዘንድ በአመዛኙ ይደርሳል። ስለዚህ የረብሻው ምንጭ ለራውተሩ ቅርብ፣ ለላፕቶፑ ሩቅ መሆን አለበት። ጫጫታው ለጊዜው ከ−62 በላይ ሲያልፍ ደግሞ ራውተሩ አየሩ ተይዟል ብሎ ራሱም ዝም ይላል፤ ምስሉ የሚደርቀው ያኔ ነው። ራውተሩ የተቀመጠው በቤቱ ዳርቻ ባለች ክፍል፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ ወለሉ ላይ ነበር። የኃይል ከፍታውን እስከ መጨረሻው ማሳደግም ያልጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ራውተሩ ይበልጥ ጮኸ እንጂ ይበልጥ አልሰማም፤ የላፕቶፑና የስልኩ ኃይል እንደነበረው ነው። የተጨመረው ጩኸት ያተረፈው ነገር ቢኖር የጎረቤቶችን ኔትወርክ ሳያስፈልግ ዝም ማሰኘት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሥራው ከቴክኒክ ወጥቶ የጉርብትና ሆነ። እናትየው ጫጫታው የሚነሣበትንና የሚቆምበትን ሰዓት ለጥቂት ምሽቶች በማስታወሻ ያዙ፤ ከዚያም ሁለተኛ ፎቅ፣ ልክ ከራውተሩ ክፍል ሥር የሚኖሩትን ባልና ሚስት አነጋገሩ። የአነጋገሩን መንገድ አስቀድመን ተነጋግረንበት ነበር፤ «የእናንተ ዕቃ ሥራዬን እያበላሸ ነው» ብሎ መጀመር በር ያዘጋል፤ ጎረቤትየውም ስለ ሬዲዮ ሞገድ የሚያውቀው ነገር እንዲኖር አይጠበቅበትም። እናትየው የጀመሩት ከራሳቸው ችግር ነው፤ ማታ ማታ ኢንተርኔታቸው እንደሚቆራረጥ ነግረዋቸው፣ እነርሱስ በቤታቸው ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሚስትየው ሕፃኑን ካስተኙት በኋላ የእነርሱም ስልክ ኢንተርኔት እንደሚንቀራፈፍ፣ እነርሱ ግን ሁሉም ሰው በዚያ ሰዓት ስለሚጠቀም ነው ብለው እንደተዉት መለሱላቸው። ሕፃኑን ማስተኛት ማለት የሕፃን መከታተያ ካሜራውን ማብራት ማለት ነበር። ካሜራው ከቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ለጣሪያው ቀርቦ ተቀምጧል፤ በእርሱና በላይኛው ቤት ራውተር መካከል የነበረው የኮንክሪት ወለል ብቻ ነው። በጋራ ስምምነት ካሜራው ለአጭር ጊዜ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ የራውተሩ የጫጫታ ቁጥር አብሮት ወረደና ወጣ፤ ጥርጣሬው በዚህ አበቃ።

የዚህ ዓይነት አናሎግ የቪዲዮ ማሰራጫዎች በአብዛኛው አራት ቻናል አላቸው፤ የተለመዱት በ2414፣ 2432፣ 2450 እና 2468 ሜጋኸርዝ ላይ ናቸው። የጎረቤቶቹ መሣሪያ በአራተኛው ላይ ነበር፤ ይህም ከቻናል 11 ላይኛ አጋማሽ ጋር ይገጥማል። ቻናሉን ባዶ ያደረገው ይኸው ይመስለኛል፤ ዛሬ ያሉት ራውተሮች ብዙዎቹ ቻናላቸውን በራሳቸው የሚመርጡ በመሆናቸው ጫጫታ የሰሙበትን ቦታ ትተው ወደ 1 እና ወደ 6 ሄደዋል፤ ልጁ በመተግበሪያው ላይ ያየው ባዶ ቦታ ሌሎች የሸሹት ቦታ ነው።

መፍትሔው ካሜራውን ወደ ሌላኛው ቁጥር ማዞር ይመስላል፤ ጎረቤቶቹም ወዲያው ያቀረቡት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ተቃወምኩ። ከአራቱ የትኛውም ቢመረጥ የሆነ ሰው ይጎዳል፤ የመጀመሪያው ቻናል 1 ላይ፣ ሁለተኛው ቻናል 6 ላይ፣ ሦስተኛው በ6 እና በ11 መካከል ይወድቃል። በቻናል 1 እና 6 ላይ ደግሞ የሕንፃው አብዛኛው ቤት ሰፍሯል። የአንድን ቤት ችግር ፈትቶ ለስማቸው እንኳ ለማናውቃቸው ሌሎች ቤቶች ማስተላለፍ በሕግ ባያስጠይቅም በሥራዬ የምቀበለው መፍትሔ አይደለም። ባልና ሚስቱ ነገሩ ከተብራራላቸው በኋላ ካሜራውን ከቁም ሣጥኑ አውርደው ከአልጋው አጠገብ ዝቅ ባለ ቦታ አስቀመጡት፤ በኋላም ምስሉን ትተው በ1.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ለገመድ አልባ ስልኮች በተለየ ባንድ ላይ የሚሠራ የድምፅ መከታተያ ለመጠቀም መረጡ። ምርጫው የእነርሱ ነው፤ የራሳቸው ዋይፋይ መዳኑ ከእኛ ልመና የበለጠ ምክንያት ሆኗቸዋል።

መሣሪያው እስኪቀየር ድረስ ግን የላይኛው ቤት የራሱን ድርሻ መሥራት ነበረበት፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመውም ራውተሩን ማንቀሳቀስ ነው። በረዥም ገመድ ከዳርቻው ክፍል ወጥቶ በቤቱ መሀል፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በነፃ አየር ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ምልክቱ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ከጫጫታው ምንጭ መራቅና ከላፕቶፑ መቅረብ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ትርፉ ከሁለቱም ወገን ነው። በራውተሩ ጀርባ ተሰክቶ የነበረው የዩኤስቢ 3.0 ውጫዊ ሐርድ ዲስክም ተነቀለ፤ የዚህ ዓይነት ግንኙነት ከገመዱና ከመሰኪያው የሚያፈሰው ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝን እንደሚያካትት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ አሳይቷል። በዚህ ቤት ድርሻው ምን ያህል እንደነበር ለይቼ አልለካሁም፤ ሆኖም ከአንቴና አጠገብ የሚኖርበት ምክንያት አልነበረም።

ስፋቱ ወደ 20 ሜጋኸርዝ ተመለሰ፤ ኃይሉም ወደ መካከለኛ ወረደ። ማንም የማይጠቀምበት የእንግዳ ኔትወርክ ተዘጋ፤ የድሮው ዘመን ዝቅተኛ ፍጥነቶችም ተሰናከሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥቃቅን ሊመስሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ የኔትወርክ ስም በየ102.4 ሚሊሰከንዱ፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል፣ ቢከን የተባለውን የማስተዋወቂያ መልእክት ያሰራጫል፤ መልእክቱ 300 ባይት ያህል ሆኖ በ1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢላክ እያንዳንዱ ከ2.4 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። አንድ ስም ምንም ሳይሠራ ከቻናሉ ጊዜ 2.5 በመቶ ያህል ይወስዳል ማለት ነው፤ አሥር ስሞች አንድ ቻናል ላይ ሲሰበሰቡ ማንም ሰው አንዲት ፊደል ሳይልክ ሩብ ጊዜው ያልቃል። ዝቅተኛው ፍጥነት 6 ሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን ይኸው ወጪ ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። በሕንፃው ውስጥ ያሉ ሁሉ ይህን ቢያደርጉት የቻናል ጥያቄ ግማሹ በራሱ ይቃለል ነበር፤ ግን ማን ያነሣዋል?

ቤተሰቡ ሊገዛ አስቦት የነበረውን የሲግናል ማራዘሚያ እንዳይገዛ ተመክሯል። በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ማራዘሚያ የሰማውን ሁሉ በዚያው ቻናል ደግሞ ስለሚናገር አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ አየር ይይዛል፤ ችግሩ የምልክት ድካም ሳይሆን የአየር ጥበት በሆነበት ቤት ደግሞ በሽታውን ያባብሳል።

በዋይፋይ ላይ የሚደረገው ንግግር ሁሉ በ2.4 መቅረት አልነበረበትም። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝም ያሰራጭ ነበር፤ ነገር ግን ከዳርቻው ክፍል ተነሥቶ ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ አቋርጦ ሲደርስ እጅግ ስለሚዳከም ላፕቶፑ በራሱ ፈቃድ 2.4ን ይመርጣል። በተመሳሳይ ርቀት 5 ጊጋኸርዝ ከ2.4 በ6 ወይም በ7 ዴሲቤል አንሶ ይደርሳል፤ ግድግዳ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። ይህ ድክመት ግን በጎረቤት ረብሻ ጊዜ በጎ ጎን አለው፤ የጎረቤትም ምልክት እንዲሁ በግድግዳው ይያዛል። ራውተሩ መሀል ቤት ከገባ በኋላ 5 ጊጋኸርዝ ሁሉንም ክፍል ሸፈነ፤ ሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ተሰጥቷቸው የሥራ ላፕቶፑና የልጁ ኮምፒዩተር በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ እንዲገናኙ ተደረገ። በዚያም ቢሆን ሰፊው መንገድ አልተመረጠም። ራውተሩ ከፋብሪካ የወጣው 80 ሜጋኸርዝ ስፋት ይዞ ከቻናል 36 ጀምሮ ነው፤ የጎረቤቶቹም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ላይ ተደራርበው ነበር። ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ተቀባዩ የሚሰበስበው ጫጫታ በ3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከጎረቤት ጋር የመነካካት ዕድሉም እንዲሁ። ለቪዲዮ ስብሰባ 40 ሜጋኸርዝ ከበቂ በላይ በመሆኑ ስፋቱ ወደዚያ ወርዶ ቻናሉ ወደ 100 ተዛወረ።

በቻናል 100 ላይ ጎረቤት ያልነበረበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ቦታው ከራዳሮች ጋር የሚጋሩት ነው። ራውተሩ እዚያ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ የራዳር ምልክት ከሰማም ወዲያው ለቅቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስም። በአየር ማረፊያ ወይም በአየር ሁኔታ ራዳር አካባቢ ይህ ራሱ ሌላ መቆራረጥ ይሆናል። በዚህ ቤት በተከታዮቹ ሳምንታት የራውተሩ መዝገብ ላይ የራዳር ማስታወቂያ አልታየም፤ በሌላ ሕንፃ ግን በመጀመሪያው ቀን ሊታይ ስለሚችል ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አይገባም።

የቻናል 3 ጎረቤት የተነሣው በመጨረሻ ነው። አታሚውና ሌሎች አሮጌ ዕቃዎች በ2.4 ላይ መቅረታቸው ስለማይቀርና በቻናል 3 ያለው ኔትወርክ በ1 እና በ6 ያሉትን የሕንፃውን ቤቶች ስለሚረብሽ፣ እናትየው ከዚያ ቤት አባወራ ጋር ተነጋግረው ራውተሩን ከ3 ወደ 1 እንዲያዛውሩ ጠየቋቸው። ሰውየው መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም፤ ብዙ ኔትወርክ ወዳለበት ቦታ ሂዱ መባሉ ተንኮል መሰላቸው። የተስማሙት ለጥቂት ቀናት ሞክረው ካልተሻላቸው እንዲመለሱ በሚል ሲሆን ከሞከሩ በኋላ አልተመለሱም። ቤተሰቡ በቻናል 11 ቆየ፤ ካሜራው ከተቀየረ ወዲህ ያ ቻናል እውነትም ሰፊ ሆኗል፤ ሌሎች ራውተሮችም ወደዚያ መምጣት ጀምረዋል፤ ይህም የሚጠበቅና የማያሳስብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በረብሻው ሰዓት የተደገመው የፒንግ ፈተና ላፕቶፑ ከራውተሩ በጥቂት ሚሊሰከንድ መልስ እንደሚያገኝ፣ መጥፋትም እንደቀረ አሳይቷል። የቀረ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ የአባወራው ራውተር ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ የተስተካከለ ስለነበረ አንድ ጊዜ ወደ 3 ተመልሷል፤ ያኔ ቻናሉ በቋሚነት 1 ተብሎ ተሞላ። የአታሚው ሥራ ማታ ላይ አሁንም አንዳንዴ ይዘገያል፤ ይህ በ20 ሜጋኸርዝ የጋራ ቻናል ላይ የሚጠበቅ ተራ መጠበቅ በመሆኑ ሊታከም የሚገባው አይደለም። ልጁ 6 ጊጋኸርዝ የሚያሰራጭ ራውተር እንዲገዛ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ይህ ባንድ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1200 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ ኅብረት በ2021 በ480 ሜጋኸርዝ ስፋት የተከፈተ በመሆኑ ለጊዜው ጎረቤት የሚበዛበት አይደለም። ነገር ግን የእናትየውም ሆነ የልጁ ኮምፒዩተር 6 ጊጋኸርዝን መቀበል ስለማይችሉ ግዢው ኮምፒዩተሮቹ እስኪቀየሩ ድረስ እንዲቆይ ተወስኗል።